ኧረ ቁጭ በሉ፣ በሩ እኮ አልተከፈተም!

እኔ የምለው፣ አውሮፕላን መሬት ሲነካ ወንበሩ እሳት ይሆናል እንዴ? ጎማው ገና ከማረፉ የቀበቶ መፍታት ቀጭ ቀጭ ይጀመራል። ምልክቱ እንደበራ ነው። አስተናጋጇ በማይክ «እባካችሁ ተቀመጡ» እያለች ትለምናለች። አጅሬ ግን ተነስቶ ከላይ ያለውን የሻንጣ ሣጥን ከፍቷል። አብራሪው ድንገት ፍሬን ቢይዝ የሚወድቀው እኛ ላይ ነው፤ እሱ ምን ቸገረው!

ባለፈው በረራዬ መተላለፊያው ዳር ነበር የተቀመጥኩት። ሦስት ረድፍ ከኋላዬ የነበረ ሰውዬ ሰው እየገፋ መጣ። ሻንጣውን ሲያወርድ ጎማው ግንባሬን መታኝ። «ይቅርታ» እንኳ የለም። ጭራሽ «ትንሽ ጠጋ በል» አለኝ። ወዴት ልጠጋ? ክንፉ ላይ? ከዚያ በሩ እስኪከፈት ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንገቱን ጎብጦ፣ ብብቱን አፍንጫዬ ላይ ደግኖ ቆመ።

ትንሽ ነገር ነው የምታካብደው ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ከ44 በላይ ወንበር ያለው አውሮፕላን ፈቃድ ለማግኘት፣ ከመውጫዎቹ ግማሹ ብቻ ቢሠራም ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል መረጋገጥ አለበት። 90 ሰከንድ! የእኔ ሰውዬ በዚህ ጊዜ የሻንጣውን እጀታ እንኳ አያገኘውም። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ አንድ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ሲያርፍ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። ውስጡ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ወጡ። ሻንጣውን ካላወረድኩ የሚል መንገዱን ቢዘጋባቸው ኖሮስ?

ሌላውን እንኳ እችለዋለሁ። ወደኋላ ሳያይ ወንበሩን ዘፍ አድርጎ ሻይ የሚያስደፋኝን፣ ጫማውን አውልቆ የሚዝናናውን፣ ያለ ማዳመጫ ቪዲዮ የሚያስጮኸውን። (ሕፃን ሲያለቅስ ፊታችሁን የምታጨማድዱ ግን እናንተን አልደግፍም። የአየር ግፊቱ ሲቀያየር ጆሮውን ያመዋል፤ እናትየውም አብራ እየተሰቃየች ነው።) መቆሙ ግን አቃጠለኝ።

ለማንኛውም በሩ ተከፈተ። ሰውዬው ያን ሁሉ ተጋፍቶ የቀደመኝ በአራት ሰው ነው። ትንሽ ቆይቼ ሻንጣ መረከቢያው ጋ ስደርስ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ራሱን! ለካ ሌላ ሻንጣም አስጭኖ ኖሯል። የሚሽከረከረው ላስቲክ ላይ አፍጥጦ ቆሟል። የእኔ ቀድሞ መጣ። እያየኝ አንስቼ ሄድኩ። ቀስ ብዬ።