"አልጋ የለም" ሲሉን ለምን አላመንም?

ገና ኮሮና የሚባል ነገር ሳይሰማ አክስቴን ይዘን አንድ የመንግስት ሆስፒታል ሄድን። ሪፈር ፅፈውልናል፣ ካርድ አውጥተናል፣ ሁለት ቀን ሙሉ ኮሪደር ላይ ተቀመጥን፣ መልሱ አንድ ነው፣ አልጋ የለም። በሶስተኛው ቀን ታላቅ ወንድሜ አንድ የሰፈራችን ልጅ እዛ እንደሚሰራ ትዝ አለውና ደወለለት፣ ከምሳ በኋላ አልጋ ተገኘ። አክስቴ እስከ ዛሬ ድረስ "አልጋ የለም ማለት ሰው የላችሁም ማለት ነው" ትላለች፣ እስቲ አሁን ማነው ተሳስተሻል የሚላት?

ይሄን ያነሳሁት በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ የሆነው ነገር እስካሁን ስለሚከነክነኝ ነው። ያኔ በቀን ከ2,000 በላይ ሰው ቫይረሱ ተገኘበት ይባል ነበር፣ ከተመረመረ አራት ሰው አንዱ ገደማ ፖዘቲቭ የሚሆንበት ሰሞን፣ ጤና ሚኒስቴር ደግሞ ፅኑ ህክምና ክፍሎች ሞልተዋል ኦክስጅን እያጠረን ነው እያለ ይለምናል። ታክሲ ውስጥ ግን ሬዲዮው ያንን ሲያወራ የምትሰማው "ኸረ ተዉን ባካችሁ፣ ብር ሊለምኑበት ነው" ነው። ማስኩ አገጭ ላይ ነው፣ ያውም ፖሊስ ከታየ።

ብዙ ሰው ይሄን ሲያስረዳ ህዝቡ አልተማረም፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት አምኖ ነው ምናምን ይላል። እኔ አልስማማም። ሰዉ የሰማው ዜና አዲስ አልነበረም እኮ፣ እድሜውን ሙሉ መስኮት ላይ የሚነገረውን ያንኑ አረፍተ ነገር ነው በቲቪ የሰማው። ጥቁር አንበሳ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው "ሆስፒታል ሞላ" ስትለው መቼ ጎድሎ ያውቃል ነው የሚልህ። ያቺ ቃል ለአመታት ውሸትም እውነትም ሆና ስላገለገለች የእውነቱ ቀን ሲመጣ የሚያምናት ጠፋ።

ሌላው ደግሞ ሚሊኒየም አዳራሽ ነው። ኮንሰርትና ባዛር የምናውቀው አዳራሽ በ2012 ለ1,000 ገደማ ታማሚ እንዲሆን ተደርጎ አልጋው ተደርድሮ በቲቪ ታየ፣ ከላይ ነው የተቀረፀው፣ ነጭ አንሶላ ብቻ፣ አይን እስኪደክም። ያ ምስል ሰው ጭንቅላት ውስጥ ቀረ። ከዛ ከወራት በኋላ "ፅኑ ህክምና ሞልቷል" ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ያ ሁሉ አልጋ የት ገባ የሚለው ነው፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው ደግሞ! መልሱም ከባድ አልነበረም። አልጋ ማለት ብረትና ፍራሽ ነው፣ የፅኑ ህክምና (አይሲዩ) አልጋ ግን ቬንቲሌተር የሚባል መተንፈሻ ማሽን አለው፣ የማያቋርጥ ኦክስጅን አለው፣ ሞኒተር አለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀንና ሌሊት አጠገቡ የሚቆም የሰለጠነ ነርስ አለው። ፍራሹን በሳምንት መደርደር ይቻላል፣ ነርሷን ግን በሳምንት አታሰለጥናትም። አንድ ሺውም አልጋ ባዶ ሆኖ አይሲዩ ሊሞላ ይችላል፣ ሁለቱም እውነት ነው። ይቺን የሁለት ደቂቃ ማብራሪያ በቀን ሶስቴ ቢያወሯት ምን ነበረበት?

ችግሩ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኒውዮርክ ላይ ቁርጥ ይሄው ነው የሆነው። በነሱ አቆጣጠር ማርች 2020 መጨረሻ ኩዊንስ ያለው ኤልምኸርስት ሆስፒታል በ24 ሰዓት ውስጥ 13 ሰው ሞቶበታል፣ በር ላይ ሰልፍ፣ ጎን ላይ የሬሳ ማቀዝቀዣ መኪና። በዛው ሳምንት ሲቢኤስ የሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ስለ ኒውዮርክ እያወራ ያሳየው ምስል የጣልያን ሆስፒታል ሆኖ ተገኘ። የኤዲቲንግ ስህተት ነው አሉ፣ ይሆናል፣ ግን ማን ይሰማሃል? ወዲያው ሰዉ ስልኩን ይዞ የየሰፈሩን ሆስፒታል መቅረፅ ጀመረ፣ "ሆስፒታላችሁን ቅረፁ" የሚል ሃሽታግ ወጣ፣ ባዶ ፓርኪንግ፣ ባዶ ሎቢ፣ "የታለ የሞላው?" እያሉ። ዲሲና ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶቻችንም በቴሌግራም ይልኩልን ነበር፣ ከነሱ መሃል አንዷ ራሷ ሆስፒታል የምትሰራ ነበረች፣ እሷን መጠየቅ ግን ለማንም ትዝ አላለውም።

ፓርኪንጉ ባዶ የሆነው ጠያቂ ስለተከለከለ ነው። ሎቢው ባዶ የሆነው ቀጠሮና ሊቆይ የሚችል ኦፕሬሽን በሙሉ ስለተሰረዘ፣ ሰዉም ሆስፒታል ሄጄ ይይዘኛል ብሎ ቤቱ ስለቀረ ነው። የሞላው ላይ ፎቅ ነው፣ ስልክ ይዘህ የማትገባበት። እዛው ከተማ ደግሞ ኮምፈርት የሚባል የባህር ኃይል የሆስፒታል መርከብ 1,000 አልጋ ይዞ መጣ፣ በካሜራ ታጅቦ፣ ሰው ወደቡ ድረስ ወጥቶ አየው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተኙበት ታማሚዎች ግን 20 ብቻ ነበሩ! መጀመሪያ የኮቪድ ታማሚ አይቀበልም ነበር፣ ሌላውንም ቢሆን አምቡላንስ በቀጥታ አያደርሰውም፣ ሌላ ሆስፒታል ሄዶ ታይቶ ተመርምሮ ነው የሚዛወረው። ኤልምኸርስት ኮሪደር ላይ ሰው እየተኛ መርከቡ ባዶ። አክስቴ ብትሰማ ዘመድ ስለሌላቸው ነው ትል ነበር፣ ከእውነቱም ብዙ አትርቅም፣ ዘመድ ባይሆንም ወረቀት ነው የጠፋው።

እኛ ጋ ፖለቲካውም ተጨምሮበታል፣ እሱን ማለፍ አይቻልም። መጋቢት 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፣ በዛው ወር ምርጫው በኮሮና ምክንያት ተራዘመ፣ ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሚያስፈልግ ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ ግን ግማሹ ሰው ከዛን ቀን ጀምሮ በሽታውን ከምርጫው ለይቶ ማየት አቆመ። ከዛ ደግሞ በሐምሌ ለግድቡ ደስታ አደባባይ ተወጣ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ያንን ያሳየው ቲቪ ማታ ላይ ርቀታችሁን ጠብቁ ይላል። እንዴት ነው ታዲያ የሚታመነው?

የያኔዋ ጤና ሚኒስትር ዶ/ር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ይለጥፉት የነበረው ሪፖርት እንኳ መጀመሪያ አካባቢ ሰው ይጠብቀው ነበር። ታማሚው እድሜው ስንት እንደሆነ፣ ከየት ሀገር እንደመጣ፣ ሁሉም ተፅፎ ይወጣ ነበር፣ ሰዉም እሱን እያነበበ ይደነግጥ ነበር። በኋላ ቁጥሩ ሲበዛ ሰንጠረዥ ብቻ ሆነ፣ የተመረመረ፣ የተያዘ፣ የሞተ፣ ያገገመ፣ በፅኑ ህክምና ያለ። በፅኑ ህክምና ያለው ቁጥር እዛው አለ፣ ከስንት አልጋ ላይ እንደሆነ ግን እዛ ላይ አታገኝም። 400 ሰው አይሲዩ ገባ ብትለኝ፣ ያለህ 4,000 ቦታ ይሁን 410 ካልነገርከኝ በምን ልደንግጥ? ጋዜጠኛውም ያንን ሰንጠረዥ እንዳለ አንብቦ ወደ ስፖርት ይሄዳል። በርግጥ ሁሉም ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ሆስፒታል ሄዶ ልግባ ሲል ደብዳቤ አምጣ ይባላል፣ ደብዳቤው ሲመጣ ህዝብ ግንኙነቱ የለም ይባላል፣ ህዝብ ግንኙነቱ ሲገኝ ዳይሬክተሩ ስብሰባ ናቸው። ስለዚ በር ላይ ቆሞ መግለጫ ቀርፆ ይመለሳል። በሩ ላይ ደግሞ ምንም አይታይም፣ ያው እንደ ፓርኪንጉ።

ባለፈው አንድ ጓደኛዬን፣ ያን ሰሞን አይሲዩ ስትሰራ የነበረች ነርስ፣ ያኔ አንድም ጊዜ ሚዲያ አላናገራችሁም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። "መጥተዋል እንጂ" አለች፣ "አልጋውን ቀርፀው ሄዱ። እኔ ለስንት ሰው አንድ እንደነበርኩ ግን ማንም አልጠየቀኝም።"