ማስተካከያ፦ የአይኤልኤስ አንዷ ነጥብ 2 ዲግሪ አይደለችም

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ ውስጥ በኮምፒውተር ሲሙሌተር የመሣሪያ በረራ (ውጭ ሳያዩ በመሣሪያዎች ብቻ መብረር) ለሚለማመዱ ልጆች በጻፍኩት ላይ ስህተት አለ። “በቪኦአርም በአይኤልኤስም አንዷ ነጥብ 2 ዲግሪ ናት” ብዬ ነበር። ቪኦአር አቅጣጫ የሚጠቁም የመሬት ሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ አይኤልኤስ ደግሞ አውሮፕላኑን ወደ ማረፊያው የሚመራ የሬዲዮ ሥርዓት ነው። ነጥቦቹ መርፌዋ ከመሃል ምን ያህል እንደራቀች የሚለኩ ምልክቶች ናቸው። ለቪኦአር ልክ ነው። የአይኤልኤሷ የአቅጣጫ መርፌ ግን 4 እጥፍ ቁጡ ናት፣ ለትንሽ መዛነፍ ብዙ ትንቀሳቀሳለች። በ2.5 ዲግሪ ብቻ ዳር ትደርሳለች፤ በግራም በቀኝም 5 ነጥብ ስላለ አንዷ ነጥብ ግማሽ ዲግሪ ናት። ያረጋገጥኩት ከአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የመሣሪያ በረራ መማሪያ መጽሐፍ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከአይኤልኤሱ የአቅጣጫ አንቴና 10 ኪሎ ሜትር ላይ አንዷ ነጥብ 350 ሜትር ሳትሆን 87 ሜትር አካባቢ ናት። የእኔን ቁጥር የያዘ ሰው አብዝቶ ያዞርና መስመሩን አልፎ ይሄዳል፤ ከዚያ ግራ ቀኝ መዋለል ነው። ተንቀሳቃሹ ካርታ (አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በስክሪን የሚያሳየው) ክፍት ከሆነ ደግሞ ይሄ አይታወቅም፣ ዓይን ወደ ሥዕሉ ይሮጣላ። ስትለማመዱ ዝጉት፤ ካረፋችሁ በኋላ ግን ክፈቱና የሄዳችሁበትን መስመር እዩበት።