ትምህርት ቤቱ አልተቃጠለም፣ ሕንፃው ነው እንጂ

አሜሪካ ውስጥ የብሪገም ያንግ አካዳሚ የሚባለውን የሞርሞኖች ትምህርት ቤት ይመራ ስለነበረው ስለ ካርል ሜዘር የፃፋችሁት ጽሑፍ አሪፍ ነው፣ ግን ሰውዬውን እንደ አንድ ኮስታራ አስተማሪ ብቻ አድርጋችሁ አለፋችሁት። እኔ ሞርሞን (አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ የሃይማኖት ቡድን አባል) አይደለሁም፣ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ግን ታሪኩ ይገርመኛል። እስቲ አስቡት፣ ሳክሶኒ ውስጥ ማይሰን ተወልዶ በደንብ የተማረ ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1855 ኤልብ ወንዝ ውስጥ በማታ ይጠመቃል፣ በማታ የሆነው የሞርሞን እምነት እዛ በይፋ ስላልተፈቀደ ነው፣ ከዛ አገሩን ጥሎ ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ፣ ዩታ ይገባል። 1876 ላይ የሞርሞኖቹ መሪ ብሪገም ያንግ፣ ሜዘር ዩታ ውስጥ ያለችው ፕሮቮ ከተማ ሄዶ አካዳሚውን እንዲይዝ ሲልከው የሰጠው መመሪያ ያለ እግዚአብሔር መንፈስ ፊደልና የማባዣ ሰንጠረዥ እንኳ እንዳታስተምር የሚል ነበር፣ በቃ ካሪኩለሙ ይኸው ነው 😄

የቃጠሎውን ነገር ደሞ ለምን ዘለላችሁት? 1884 ላይ ሕንፃው በእሳት ሲወድም አንድ ተማሪ አካዳሚው ተቃጠለ ብሎ ሲነግረው ሜዘር የለም፣ የተቃጠለው ሕንፃው ብቻ ነው አለ ይባላል፣ ደሞ ወሬ ብቻ አልነበረም፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ሌላ ቦታ ተለምኖ ትምህርቱ ቀጠለ፣ አዲሱ ሕንፃ እስኪያልቅ ግን ስምንት ዓመት ፈጀ። ዛሬ ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ያ አካዳሚ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያገኘው ሜዘር 1901 ላይ ከሞተ በኋላ ቢሆንም።

በመጀመሪያ ሚስቱ ላይ ሁለተኛ ሚስት ማግባቱንም አላነሳችሁም፣ የዛን ጊዜ ሞርሞኖች ጋር የተለመደ ነበር፣ ግን ሰውን ስታመሰግኑ ሙሉውን ብትፅፉት ይሻላል።