ማስተካከያ፦ ስለ ጄት ጀልባ ሞተርና ኢምፔለር አመራረጥ

ፒያሳ ለሚገበያዩ የጣና ጀልባ ባለንብረቶች በታደለው የመለዋወጫ መምረጫ ወረቀት ላይ «ከባድ ኢምፔለር የሞተሩን ዙር ስለሚቀንስ ምንጊዜም ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው እንደሚከተለው ይስተካከል። (ኢምፔለር ማለት ውሃ ስቦ ወደ ኋላ በመርጨት ጀልባውን በሚገፋው ጄት ፓምፕ ውስጥ የሚሽከረከረው ባለምላጭ ክፍል ነው፤ «ከባድ» ወይም «ቀላል» የሚባለውም በክብደቱ ሳይሆን ለማዞር በሚጠይቀው ጉልበት ነው።)

የጄት ፓምፕ የሚወስደው ጉልበት፣ ጀልባው ቢፈጥንም ቢዘገይም፣ በአመዛኙ የሚወሰነው በኢምፔለሩ ዙር ነው፤ ዙሩ ወደ 80 በመቶ ዝቅ ሲል የሚፈለገው ጉልበት በግማሽ ያህል ይወርዳል። ስለሆነም ተስማሚው ኢምፔለር፣ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥ ሞተሩን አምራቹ ወደወሰነው ከፍተኛ ዙር የሚያደርሰው ሲሆን፣ ከዚያ በታች የሚያስቀረው ግን ሞተሩን በከባድ ጭነት ያስጨንቀዋል እንጂ ቁጠባ አያመጣም። በተለይ ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በባሕር ጠለል ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ይህን ሳያሰሉ ካታሎጉ ያመለከተውን መግዛት ለኪሳራ ይዳርጋል፣ ቀለል ያለው ይመረጥ።

ከግዢ በፊት አሮጌው ይፈተሽ። የምላጮቹ ጠርዝ በአሸዋ ተበልቶ፣ ከዙሪያው ቀለበት ጋር ያለው ክፍተት ከሰፋ፣ ዙሩ ከፍ እያለ ግፊቱ ይዳከማል፤ ይህም ኢምፔለሩ የቀለለ ያስመስላል።