ባንዲራው ተሰቅሏል፤ ወንበሩስ?

ሰሞኑን ያነጋገረው የአንድ አጥቢያ ጉባኤ ውሳኔ ሁለት መስመር ነው። «የባህሎች ቀን» በየዓመቱ በድምቀት ይከበራል፤ ከሌላ አገር የመጡት ምእመናን የጠየቁት ትርጉም ግን ወደ እሑዱ አምልኮ አይገባም። ምክንያት ተብሎ የቀረበው ደግሞ «ትርጉም ሰዓት ይበላል፤ ቋንቋ ሲበዛም ባቢሎን ይሆናል» የሚል ነው። ልብሳችሁን ለብሳችሁ ኑ፣ ጥያቄያችሁን ግን ቤት ተዉት መባላቸው ነው።

በባቢሎኑ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ከጳርቴ ጀምሮ እስከ ዐረብ ድረስ 15 ሕዝቦችንና አገሮችን ይዘረዝራል። ከእነዚያ ሁሉ አንዱም የተናጋሪዎቹን የገሊላ ሰዎች ቋንቋ እንዲማር አልታዘዘም፤ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ሰማ። ባቢሎንን የጠቀሱት ሽማግሌዎች ንባባቸውን ዘፍጥረት ላይ አቁመው ነው መሰለኝ።

«ሰዓት ይበላል» የሚለው ሥራውን ካለማወቅ የመጣ ነው። ሰባኪው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ቆም እያለ አስተርጓሚው ከተከተለው፣ በእርግጥ የ20 ደቂቃ ስብከት 40 ይሆናል። ከሰባኪው እኩል በዝቅተኛ ድምፅ የሚሄደው ትርጉም ግን ሰዓቱን አይነካም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ማስተላለፊያ፣ በአድማጮቹ ቁጥር መቀበያና ኢርፎን፣ እንዲሁም ሁለት አስተርጓሚዎች ናቸው። ሁለት የሚሆኑት ከ20 ወይም 30 ደቂቃ በኋላ አእምሮ ስለሚዝልና ስሕተት ስለሚበዛ ነው። አስተርጓሚው ድምፁን ከድምፅ ማደባለቂያው (ሚክሰሩ) በቀጥታ በጆሮ ማዳመጫ ይስማ፤ ከአዳራሹ ስፒከር የሚሰማ ከሆነ ማሚቶው ቃል ይውጥበታል። የስብከቱ አሳብና ጥቅሶቹ ሁለት ቀን ቀድመው ይድረሱት። ጥቅስ ደግሞ እዚያው በአፍ አይተረጎምም፣ ከታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ይነበባል። ነገሩ ሲበላሽ የሚበላሸው ቅዳሜ ማታ ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ስላልተመደበ፣ አለዚያም ሰባኪው ከወረቀቱ ወጥቶ ቀልድ ስለጀመረ ነው። ለዚህ ሁለተኛው በሽታ መድኃኒት የለውም።

እንዲያውም ትርጉሙን መከልከል የቻለው ማን እንደሆነ እንይ። ውሳኔው በተሰጠበት ጠረጴዛ ዙሪያ ትርጉም የሚያስፈልገው አንድም ሰው አልነበረም። ችግሩ ሁሉ እዚህ ነው። በኢየሩሳሌም የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ችላ ተባሉ ብለው ወገኖቻቸው ባጉረመረሙ ጊዜ፣ ሐዋርያት የግሪኮች ቀን አላወጁላቸውም። ሰባት ሰዎች አስመርጠው እደላውን በእጃቸው ሰጡ። ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታ ያቀረበው ወገን መዝገቡን ተረከበ ማለት ነው! የኛዎቹ ጉባኤዎች ይህን ምዕራፍ፣ የሐዋርያት ሥራ 6ን፣ ዲያቆን በሾሙ ቁጥር ያነቡታል፤ ከዚያ የገንዘብ ክፍሉን ለዚያው ለለመዱት ሰው ይመልሱታል።

በውሳኔው ጠረጴዛ ወንበር መስጠትም ቢሆን አሰጣጥ አለው። አንድ ሰው ብቻ ካስገባችሁ ያ ሰው የሕዝቡ ሁሉ ቃል አቀባይ ይደረግና ብዙም ሳይቆይ ዝም ይላል፤ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ይሁኑ። መጋቢው የወደደውን አይጠቁም፣ ማኅበረሰቡ ራሱ ይምረጥ። ምደባቸው «የባህል ኮሚቴ» ሳይሆን በጀት፣ ሕንፃና የሰባኪ ምርጫ ላይ ይሁን። አጀንዳው ከሳምንት በፊት በሚያነቡት ቋንቋ ይድረሳቸው፤ ስብሰባውም በፈረቃ የሚሠራ ሰው ሊገኝ በሚችልበት ሰዓት ይጠራ። ውሳኔው ቀድሞ በር ላይ በሁለት ሰዎች ወሬ ካለቀ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ስንቱ ጉባኤ በዚህ ይታማል!

የባህል ቀኑ ይቅር አላልኩም። ደጁን ረግጦ የማያውቅ ጎረቤት በዚያ ቀን ይገባል፣ እሱ ጥሩ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ግን ምን ይጠብቀዋል? መጥሪያው በሦስት ቋንቋ ታትሟል፤ በላዩ ባለው ቁጥር ሲደውል የሚያነሳው ሰው አንዱን ብቻ ያውቃል። አዳራሹን ከሰዓት በኋላ የሚከራየው የሌላ ቋንቋ ጉባኤ ቁልፍ የለውም፤ ዘበኛው እስኪመጣ ደጅ ይቆማል። ሳህን በጠፋ ቁጥር ግን ቀድሞ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ይህ ባለበት ቤት የባንዲራ ሰልፍ ማሳየት ድፍረት ይጠይቃል።

ጉባኤው ውሳኔውን እንደገና አያለሁ እያለ ነው አሉ። እንግዲያው ትርጉሙን የጠየቁት ሰዎች በዚያ ስብሰባ ድምፅ ይኑራቸው፤ ለስብሰባውም አስተርጓሚ ይቀመጥ።