ሮም በቅናሽ

ቁጠባ በእኛ ቤት ትዝ የሚለን ገንዘብ ለመጨረስ ስንዘጋጅ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ማን ምን እንዳወጣ የማይጠያየቅ ቤተሰብ፣ የልጆቹ ዕረፍት ሲቃረብ በኮምፒውተር ሰንጠረዥ ይሠራል፤ ሳንቲም ለሳንቲም ይከራከራል። ፍራንክፈርት የሚኖር ሐበሻ ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ ብጽፍ የሚቀየመኝ አይጠፋምና ስለ ራሴ ቤት ብቻ ላውራ።

ዘንድሮ የተመረጠችው ሮም ናት። ባለቤቴ ታሪካዊ ከተማ ናት ብላ፣ ልጆቹ ፒዛ አለ ብለው መረጧት። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ ደግሞ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። «ጣሊያን እኛ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሳይጠራ መጥቷል። እኛ ቪዛ ይዘን አንድ ጊዜ ብንሄድ ምን አለበት?» ለዚህ መልስ ያለው ሰው ስላልተገኘ ጉዞው ጸደቀ።

ርካሽ አውሮፕላን ማለት ሰውን በርካሽ፣ ሻንጣውን በውድ የሚያጓጉዝ ነው። የትኬቱን ዋጋ ሲያዩት ታክሲ የተሳፈሩ ይመስልዎታል። ቀጥሎ ሻንጣ ይጠየቃሉ፣ ከልጅዎ አጠገብ መቀመጥ ይፈልጉ እንደሆነ ይጠየቃሉ፤ የሚፈልጉ ከሆነ ፍቅርዎ ዋጋ ይተመንለታል። የሚነሣበት ማረፊያም ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ፍራንክፈርት ሀን በስሙ የፍራንክፈርት ነው፤ በመንገዱ ግን ከከተማዋ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ደብረ ብርሃን ላይ «አዲስ አበባ» የሚል ሰሌዳ እንደ መትከል ነው።

በነጻ የሚፈቀደው ከመቀመጫ ሥር የሚገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ስለሆነ ባለቤቴ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሸሚዝ ፈቀደች። የቀረውን ቦታ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎና አማቴ በእኛ ኩሽና ያነጠሩት አንድ ማሰሮ ቅቤ ያዘው። ሮም ከተማ ሽሮ የሚሸጥ ሱቅ እንዳለ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። አማቴ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ዘመድ ቤት ባዶ እጅ ይኬዳል?»

ፍተሻው ላይ ቅቤው ተያዘ። የዚያ ማረፊያ ሕግ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ቦርሳ አይገባም ይል ነበር። አማቴ በአማርኛ፣ ፈታሹ በጀርመንኛ፣ ትልቋ ልጄ በመካከላቸው ስድቡን እየቀነሰች መተርጎም ጀመሩ። «የምን ፈሳሽ? ገልብጠህ እየው እስቲ፤ ይፈሳል?» ፈታሹ ማሰሮውን ገለበጠ። አልፈሰሰም። አለቃውን ጠራ። አለቃው ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ፊቱ በቅጽበት ለሰለሰ፤ ለማመን እንጂ ለመፍቀድ ግን አልበቃም። እኔ በበኩሌ በአውሮፓ የበጋ ሙቀት ክርክሩ በረዘመ ቁጥር የቅቤው ጠባይ እየተለወጠ፣ ማስረጃችንም እየቀለጠ መሆኑን እያየሁ ነበር። በመጨረሻ ሲገለብጡት ፈሰሰ። ኮረሪማና ኮሰረቱ ሳይቆጠር የአንድ ሰው ትኬት የሚያህል ንብረት እዚያው ቀረ። ሰንጠረዡ ላይ ለቅቤ የተሰመረ ዐምድ አልነበረም።

ትልቁ ቁጠባችን ግን ማረፊያው ነበር። ሮም የአማቴ የአጎት ልጅ ቤተሰቡን ይዞ ይኖራል። ሆቴል ቢሆን ከአልጋው ዋጋ ሌላ ለከተማው አስተዳደር በሰው በየሌሊቱ የሚከፈል ቀረጥ አለ። ባለቤቴ «ማረፊያ፦ 0 ዩሮ» ብላ በአረንጓዴ ቀለም ጻፈች። ከዚያ ስጦታ መግዛት ተጀመረ። ለባልየው ውስኪ፣ ለሚስቲቱ ሽቶ፣ ለልጆቻቸው ጫማ፤ ለጎረቤታቸውም አንድ ነገር መያዝ አለበት፤ ምክንያቱም ባለፈው ዓመት አማቴን በስልክ ሰላም ብላቸዋለች። ሁሉም ሲደመር ቁርስ ያለው ሆቴል ያሳድራል። ይህን ስናገር ባለቤቴ «እና ሮም ሄደን ሆቴል አደሩ ይበሉን?» አለችኝ። የሚሉትን ለማስቀረት የምናወጣው ገንዘብ የትኛው ዐምድ እንደሚገባ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ከባቡሩ የወረድነው ተርሚኒ ጣቢያ ነው። ደጃፉ ላይ ያለው አደባባይ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር ከጨረሳቸው 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮች መሆኑን ለአማቴ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ዙሪያውን ቃኙ። «ጎሽ» አሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳይገልጹ። ከዚያ ሁላችንንም አሰልፈው ፎቶ አስነሡን። ነጻ ነው።

በጀታችን የተሠራው እሑድን አስልቶ ነበር። ጣሊያን ውስጥ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞችና ታሪካዊ ቦታዎች ያለ ክፍያ ይከፈታሉ፤ ኮሎሲየምም ከእነሱ አንዱ ነው። ባለቤቴ የትኬቱን ቀን የቆረጠችው በዚሁ ምክንያት ነው። ያልቆጠረችው እሑድ ቅዳሴ መኖሩን ነው። ዘመዶቻችን ሌሊት ቀስቅሰው ወሰዱን። ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ፣ ከዚያ ሰላምታ፣ ከዚያ «እገሌን ሳታዩማ አትሄዱም»። በዚያ ላይ ፍልሰታ ልትገባ ቀናት ስለቀሯት ቅበላ ነው፤ በየቤቱ ዶሮ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ80 የተመረቀውን ኮሎሲየም ከአንዱ ዶሮ ወደ ሌላው ዶሮ ስንጓዝ በአውቶቡስ መስኮት አየነው። ታናሹ ልጄ ግላዲያተሮቹ የሚገቡት በየትኛው በር እንደሆነ ሳይጠይቅ አለፈ፤ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

በማግስቱ መክፈል ግድ ሆነ። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ሁልጊዜም በነጻ ይገባሉ፤ የሚከፍለው አዋቂው ነው። አማቴ መፍትሔ ነበራቸው። «ልጆቹ ይግቡና አይተው ይንገሩን።» በስንት ልመና ገቡ። ውስጥ ገብተውም የጠየቁት ስለ ነገሥታቱ አይደለም፤ ይህን ሁሉ ድንጋይ ማን እንደሚጠርገው ነው።

ሮምን በትንሽ ገንዘብ መጎብኘት ይቻላል፤ ሐሰት አይደለም። ቡናቸውን ባንኮኒው ላይ ቆመው ከጠጡ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከተቀመጡ ግን ወንበሩም ይታሰብብዎታል። ምክሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ከአማቴ ጋር አይሠራም። ቡናን ቆሞ መጠጣት ለእሳቸው ከነውር የሚቆጠር ነው። ተቀመጡ፤ ሁለተኛ አዘዙ፤ ሦስተኛውንም «በረካ ነው» ብለው ጨረሱ። ቀጥሎ ድካሙን ለማሳለፍ የስፔን ደረጃዎች ላይ አረፍ ሲሉ ፖሊስ ፊሽካ ነፋባቸው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ እዚያ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። «ደረጃ ላይ ያልተቀመጡ የት ሊቀመጡ ነው?» ሲሉት ፖሊሱ ምንም ሳይገባው በአክብሮት ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸው። አልቀጣንም። ያቺን ቀን ባለቤቴ «ትርፍ» ብላ መዝግባታለች።

አማቴን የማረካቸው ሌላ ነው። በሮም ጎዳናዎች 2,500 ያህል የመጠጥ ውሃ ቦኖዎች አሉ፤ ቀንና ሌሊት ይፈሳሉ፤ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። የመጀመሪያውን ሲያዩ አማቴ ሊዘጉት ተንደረደሩ። መዝጊያ ፈለጉ፤ የለውም። ውሃ በፈረቃ ከሚመጣበት ሰፈር የመጣ ሰው ይህን ቆሞ ማየት አይችልም። የያዝነውን ጠርሙስ ሁሉ አስሞሉን፤ የልጆቹን ጭምር። ጀሪካን ሳይዙ በመምጣታቸው ሲቆጩ ዋሉ። በየመንገዱ ሙሉውን ጠርሙስ ተሸክመን ከአንዱ ቦኖ ወደሚቀጥለው ቦኖ እንሄድ ነበር።

ፍልሰታ ስትገባ ደግሞ ምግቡ ቀለለ። ማሪናራ የሚሉት ፒዛ አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ የሚባል ቅጠልና ዘይት ብቻ ነው። ዋጋውም ከሌሎቹ ያንሳል። ልጆቹ የጾሙን ማለቂያ ጠየቁ፤ ባለቤቴ ግን እስከ ዓመት ቢቆይ ደስታዋ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ምርጫ የአማቴ ነበር። ፖርታ ካፔና አደባባይ ውሰዱኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ እዚያ የቆመው የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2005 ተመልሶ፣ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆሟል። እናም ሐውልቱን ፍለጋ ሄደን አለመኖሩን አረጋገጥን። አማቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እልል አሉ። አንድ የጃፓን ቱሪስት ቡድን ምን እንዳመለጠው ለማወቅ ወደ ባዶው ቦታ ዞሮ ፎቶ አነሣ።

ቤት ተመልሰን ሂሳቡ ሲደመር «ማረፊያ፦ 0 ዩሮ» አሁንም በአረንጓዴ ቀለም ነበር። ሌላው ሁሉ ቀይ ነው። ሮም ላይ ዘመዶቻችን በር ድረስ ሲሸኙን አማቴ ምን ብለው እንደመረቋቸው ግን ያወቅነው ሰሞኑን ነው። የአጎታቸው ልጅ ለገና ከነቤተሰቡ፣ ከጎረቤቲቱም ጋር፣ ሃይደልበርግንና ኮሎኝን በቅናሽ ለመጎብኘት መወሰናቸውን ጻፈልን። ከመልእክቱ ሥር ሚስቲቱ ጨምራለች፦ «የሆቴል ዋጋ ጠይቀን ነበር። እንዳትቀየሙን ብለን ተውነው።»