ኃይል ሲጨመር ጥንካሬ ይጨምራል፤ በማን ላይ?

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያበለጽጉ ኩባንያዎች ለባለሀብቶችም ሆነ ለመንግሥታት ደጋግመው የሚያቀርቡት መከራከሪያ የማስላት ዐቅም በጨመረ ቁጥር የማሽኑ ብቃትም አብሮ ይጨምራል የሚል ነው። ይህ አባባል ለረጅም ጊዜ በቁጥር ሲመዘን የኖረው በሰሌዳ ጨዋታዎች ላይ ነው፤ ከእነርሱም ጎ የተባለው የምሥራቅ እስያ ጨዋታ የሚሰጠው ማስረጃ፣ በእኔ አስተያየት፣ ኩባንያዎቹ ከሚሉት ይልቅ ጠንቀቅ እንድንል የሚያደርግ ነው።

በጎ ሁለት ተጫዋቾች ጥቁርና ነጭ ጠጠሮችን 19 በ19 መስመሮች በሚገናኙባቸው 361 ነጥቦች ላይ በየተራ እያስቀመጡ፣ ክልል ለመያዝና የተጋጣሚን ጠጠሮች ከብቦ ለመማረክ ይፎካከራሉ። በቼዝ የኃይል ጥቅም ቀድሞ ታይቷል፤ ኬን ቶምሰን በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቤል የተባለውን የቼዝ ማሽኑን ከራሱ ጋር እያጋጠመ ሲፈትን፣ አንድ እርምጃ ወደፊት አርቆ የሚያይ ቅጂ በግምት 200 የኤሎ ነጥብ (ኤሎ የተጫዋቾችን ጥንካሬ የሚለካ የነጥብ ሥርዓት ነው) እንደሚበልጥ አሳየ። ይህም ከ4 ጨዋታ 3ቱን እንደማሸነፍ ያለ ብልጫ ነው። ጎ ግን ለዚህ አልተመቸም ነበር። የጎ ፕሮግራሞች ሰው በእጁ በጻፈላቸው ዕውቀት ላይ የተንጠለጠሉ ስለነበሩ ፈጣን ኮምፒውተር ቢሰጣቸውም ለውጡ እምብዛም ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በ2006 ነው። ፈረንሳዊው ሬሚ ኩሎም ክሬዚ ስቶን በተባለው ፕሮግራሙ፣ ማሽኑ ከተሰጠው አቋም ተነሥቶ ብዙ ጨዋታዎችን በዘፈቀደ እስከ መጨረሻው እንዲጫወትና ብዙ ድል ያመጣለትን መንገድ ይበልጥ እንዲመረምር አደረገ። በዚህ ዘዴ የሙከራ ጨዋታዎቹ በበዙ ቁጥር ግምቱ ይሻሻላል፤ ፕሮሰሰርም ወደ ጥንካሬ የሚመነዘር ሀብት ሆነ። ከዚያ በኋላ በቼዝ ፕሮግራሞቹ የሚታወቀው ዶን ዴይሊ በ9 በ9 ሰሌዳ ላይ ሰፊ ፍተሻ መራ። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ የአንድ ፕሮግራም ቅጂዎች በደረጃ ይሰለፋሉ፣ እያንዳንዱ ደረጃ ከበታቹ እጥፍ የሙከራ ጨዋታ ይፈቀድለታል፣ ከዚያም እርስ በርስ ይጋጠማሉ። ሞጎ የተባለው የፈረንሳይ ፕሮግራም በየእጥፉ መጠንከሩን ቀጠለ። በነሐሴ 2008ም ይኸው ሞጎ ሆላንድ ውስጥ ባለ ሱፐር ኮምፒውተር 800 ኮሮች (የማስሊያ ክፍሎች) ተመድበውለት፣ በፖርትላንድ በተደረገ ግጥሚያ የ8ኛ ዳን (ዳን የጎ ተጫዋቾች ደረጃ ነው) ፕሮፌሽናሉን ኪም ምዩንግዋንን አሸነፈ። እርግጥ ነው፣ ከመነሻው 9 ጠጠር ተሰጥቶት ነበር፤ ይህ መምህር ለተማሪው የሚሰጠው ዓይነት ብልጫ ነው።

ጥያቄዬ የሚነሣው ከዚሁ የፍተሻ አሠራር ነው። አንድ ፕሮግራም ከራሱ ታናሽ ቅጂ ጋር ሲጋጠም ሁለቱም የማያዩት ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ ታላቁ የሚያሸንፈው ታናሹ በሚያየው መንገድ ራቅ አድርጎ ስላየ ብቻ ነው። ሁለቱም የሳቱትን የሚቀጣ ተጋጣሚ በሜዳው ላይ የለም። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚገኘው የኤሎ ብልጫ በሌላ ዝርያ ፕሮግራም ወይም በሰው ላይ ከሚገኘው ከፍ ብሎ የመታየት ዝንባሌ አለው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ስሕተቱ በአንድ አቅጣጫ ያዘመመ ሲሆን ነው። በጎ ውስጥ ሴኪ የሚባል አቋም አለ፤ የሁለቱም ወገን ጠጠሮች ተፋጥጠው ቀድሞ የነካ የሚሞትበት፣ ስለዚህም ሁለቱም ሳይነኩት የሚተዉት ነው። በዘፈቀደ የሚጫወት ማሽን ግን ዝም ብሎ ይነካዋል፤ በእያንዳንዱ የሙከራ ጨዋታ አንዱ ወገን ይሞታል፣ አማካዩም የተዛባ ይሆናል። እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ሺሕ የነበረውን ሙከራ ሚሊዮን ማድረግ ስሕተቱን በእጅጉ ሳያርም ማሽኑ በስሕተቱ ላይ ያለውን እምነት ሊያጸናው ይችላል። በደረጃ የተሰለፈው የቅጂዎች ሰንጠረዥ ይህን አያሳይም።

አልፋጎ የተባለው የጎ ፕሮግራም ቁጥሮች ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራሉ። ፕሮግራሙን የሠራው ኩባንያ ጎግል ዲፕማይንድ በጥር 2016 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ለአንድ እርምጃ 2 ሰኮንድ ተሰጥቶት፣ በአንድ ጂፒዩ (ብዙ ስሌት በአንድ ጊዜ የሚሠራ ቺፕ) 2181 የኤሎ ነጥብ የነበረው ፕሮግራም በሁለት 2738፣ በአራት 2850፣ በስምንት 2890 ደረሰ። በብዙ ማሽኖች ተከፋፍሎ 176 ጂፒዩ ሲሰጠው 3140፣ 280 ሲሰጠው ደግሞ 3168 ሆነ። የመጀመሪያው እጥፍ ከ550 ነጥብ በላይ አስገኝቶ፣ የመጨረሻዎቹ ከመቶ በላይ ጂፒዩዎች ያመጡት 28 ነጥብ ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው አልፋጎ ዜሮ በ4 ቲፒዩ (ጎግል ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠራው ቺፕ) ብቻ እየሠራ፣ 48 ቲፒዩ የነበረውንና ታላቁን የኮሪያ ተጫዋች ሊ ሴዶልን ያሸነፈውን የአልፋጎ ቅጂ 100 ለ0 ረታ። በጨዋታው ሰዓት የሚጨመረውን ኃይል ቀድሞ የተደረገው ሥልጠና በብዙ እጥፍ በልጦት ተገኘ ማለት ነው። (ሥልጠናውም ራሱ ከፍተኛ ኃይል እንደፈጀ መርሳት አይገባም፤ ሒሳቡ ከአንድ ኪስ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልተሰረዘም።)

በፍተሻዎቹ ላይ የጨዋታዎቹ ቁጥርም ብዙ ጊዜ አይነገርም። ሁለት እኩል ፕሮግራሞች 100 ጊዜ ቢጋጠሙ አንዱ 60 ለ40 መርቶ ቢጨርስ እንኳ ዕድል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ልዩነት ወደ ነጥብ ሲመነዘር 70 ኤሎ ነው። በጥቂት ግጥሚያ የተገኘ የ20 ወይም የ30 ነጥብ ብልጫ ስለ ኃይል ምንም አይነግረንም።

በ2022 የወጣው የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ ግን የተጋጣሚውን ጥያቄ ከግምት ወደ ማስረጃ አሸጋገረው። ካታጎ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ከሆኑት ምርጥ የጎ ፕሮግራሞች አንዱ ነው፤ ከሰው በላይም ይጫወታል። ተመራማሪዎቹ ሌላ ሥራ የሌለው፣ ካታጎን ለመርታት ብቻ የሠለጠነ ተጋጣሚ ሠሩ። ይህ ተጋጣሚ ለተራ አማተር የሚሸነፍ ደካማ ሲሆን፣ ካታጎን ግን ጠጠሮቹን በክብ ሰንሰለት እንዲያያይዝ እያባበለ ያንኑ ክብ ከውጭ ከበበው። ካታጎ ክቡ ሊማረክ መሆኑን የሚረዳው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ዘዴውን በቃሉ ያጠናው አማተሩ ኬሊን ፔልሪን በ2023 ከ15 ጨዋታ 14ቱን አሸነፈ፤ ሲጫወትም ኮምፒውተር አልረዳውም። ካታጎ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ወደፊት እንዲመረምር የሚፈቀድለት ፍለጋ እጅግ ሲበዛ የአጥቂው ድል ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ካታጎ ይህን ጥቃት እንዲቋቋም እንደገና ሲሠለጥንም፣ በ2024 በታተመ ጥናት አዲስ የተሠለጠኑ አጥቂዎች የተጠናከሩትን ቅጂዎች ደግመው ረቷቸው።

ስለዚህ «ኃይሉን በእጥፍ ስንጨምር ይህን ያህል ነጥብ አገኘን» የሚል ማንኛውም ዘገባ ተጋጣሚዎቹን በስም፣ የጨዋታዎቹን ብዛት በቁጥር ሊያስቀምጥ ይገባል። ከተጋጣሚዎቹም ቢያንስ አንዱ ፕሮግራሙን ለማሸነፍ ተብሎ የተሠራ ባዕድ ቢሆን፣ ኃይል ሲጨምር ጥንካሬ እንደሚጨምር የሚያሳዩት፣ ዛሬ እንደ ሕግ የሚጠቀሱት ቀጥ ያሉ የግራፍ መስመሮች ስንቶቹ ቀጥ እንዳሉ እንደሚቆዩ በአንድ የፍተሻ ዙር ሊታይ ይችላል።